ሰው በሌለበት ዳርቻ ስኖርክል ለማድረግ ያሰቡ ሁለት ጀማሪዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ሞቃት ባሕር ላይ ወዳለ አንድ ገለል ያለ ዳርቻ ልንሄድ አስበናል። የሚደረሰው በእግር ወይም በትንሽ ጀልባ ብቻ ነው። ሆቴል የለም፤ የነፍስ አድን ሠራተኛም የለም። ስኖርክል አድርገን (በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ፊትን ውሃ ውስጥ አስገብተን እየዋኘን) ዓሣና ኤሊ ማየት፣ ዳርቻው ላይ ደግሞ ወፎችን መመልከት እንፈልጋለን። ባለቤቴ ጎበዝ ዋናተኛ ነው። እኔም መዋኘት እችላለሁ፤ ግን ጥልቅ ውሃ ያስፈራኛል። ስኖርክል ሁለታችንም ሞክረን አናውቅም። ምን እንያዝ? ምን እንጠንቀቅ? ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው ማስክ ለጀማሪ ይሻላል ይሉናል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከጥያቄሽ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው አጭሯ ነገር ላይ ነው፤ «የነፍስ አድን ሠራተኛም የለም» ያልሽው ላይ። ስለ ማስኩም ስለ ዓሣውም እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን እሷን እንያዝ።

ሰው በሚበዛበት ዳርቻ ብዙውን ነገር ሌላ ሰው ያስብላችኋል። ባሕሩ ሲከፋ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል። የመዋኛው ቦታ በገመድ ይከለላል። ብትደክሙ የሚያያችሁ አይጠፋም። ገለል ያለ ዳርቻ ላይ ይሄ ሁሉ የእናንተ ሥራ ነው። ከባድ ሥራ ግን አይደለም፤ አብዛኛው ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ደስ የሚለው ደግሞ እንስሳቱንም የሚያሳያችሁ ያው ራሱ ቁጭ ብሎ ማየት መሆኑ ነው። የሚጣደፉ ሰዎች አደጋውንም ኤሊውንም ሳያዩ ነው የሚውሉት።

ከመሄዳችሁ በፊት ቦታው በእርግጥ ክፍት መሆኑን አጣሩ። «ማንም የማያውቀው ዳርቻ» እየተባሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚዞሩት ቦታዎች ውስጥ ጥብቅ ሥፍራ የሆኑ አሉ። ታይላንድ ያለው ማያ ቤይ በቀን እስከ 5,000 ሰው እየጎረፈበት ድንጋይ የሚመስለው ኮራሉ ክፉኛ ተጎድቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ2022 ነው። ሰው በሌለበት ጊዜ በሪፍ፣ ማለትም ኮራል በሠራው የውሃ ውስጥ ድንጋያማ ሥፍራ፣ የሚኖሩ ሻርኮች ተመልሰው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ሲርመሰመሱ ታዩ።

የአካባቢውን ሰውም ጠይቁ፤ በተለይ ዓሣ አጥማጆችን። በዚያ ወቅት ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለምሳሌ በሰሜን አውስትራሊያ ከኖቬምበር እስከ ሜይ ድረስ አደገኛ ጄሊፊሽ (የሚነድፍ ዝልግልግ የባሕር እንስሳ) የሚበዛበት ወቅት ነው። የጨው ውሃ አዞም አለ። አዞ አለ ከተባላችሁ ነገሩ እዚያው አበቃ፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደግሞ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ስልካችሁ እዚያ ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል።

አሁን ዳርቻው ላይ ደርሳችኋል እንበል። ልብስ ለማውለቅ አትቸኩሉ። ጥላ ሥር ተቀመጡና ለሃያ ደቂቃ ያህል ባሕሩን እዩት። ለምን ሃያ? ማዕበል በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው። ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቆይና ትልልቆቹ ተከታትለው ይመጣሉ። ሁለት ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው ጸጥታውን ብቻ ያያል።

ስታዩ ነጩን መስመር ፈልጉ። ማዕበሉ ነጭ አረፋ የሚሆንበት ቦታ የሪፉ ጠርዝ ነው። ከዚያ መስመሩ የተቆረጠበትን ቦታ ፈልጉ። አረፋ የለም፤ ውሃው ጠቆር ያለና ለስላሳ ይመስላል። ጀማሪ ሁሉ «እዚህ ጋ ይሻላል» ብሎ የሚጠቁመው ይህንኑ ቦታ ነው። የዳርቻው አደገኛ ቦታም ይኸው ነው። ማዕበሉ በሪፉ ላይ እየተሻገረ ወደ ውስጥ ያስገባው ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። የሚወጣው በዚያ ክፍተት ነው፤ ሰውም ካገኘ ይዞት ይወጣል። ባሕሩ እየጎደለ በሚሄድበት ሰዓት ጉተታው ይብስበታል። ጥርጣሬ ካላችሁ አንድ ደረቅ ቅጠል ወይም እንጨት ጣሉና የት እንደሚሄድ ተከተሉት። ወደ ጥልቁ እየነጎደ ከሆነ እናንተም ወደዚያው ናችሁ።

ቀለሙንም ማንበብ ይቻላል። ፈዛዛ አረንጓዴ ሰማያዊ የሆነው ከሥሩ አሸዋ ነው። ቡናማና ጠቆር ያሉት ቁርጥራጮች ኮራል ወይም የባሕር ሣር ናቸው። ድንገት ደማቅ ሰማያዊ የሚሆንበት ቦታ ወለሉ የሚወርድበት ነው። ለመግቢያ የምትመርጡት አሸዋማ መተላለፊያ ያለው፣ ማዕበል የማይመታው፣ ከክፍተቱ የራቀ ቦታ ነው። መውጫችሁንም አብራችሁ ምረጡ። እንዲያውም ሁለት መውጫ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ዳርቻው ላይ አንድ ለየት ያለ ዛፍ ወይም ድንጋይ ምልክት አድርጉ። ፊትን ውሃ ውስጥ ቀብሮ የሚዋኝ ሰው ምን ያህል እንደተወሰደ አይታወቀውም። በየጥቂት ደቂቃው ቀና ብላችሁ ዛፉ የት እንደደረሰ እዩ።

ከተወሰዳችሁስ? ከውሃው ጋር አትታገሉ። እንዲህ ያለው ጎታች ፍሰት በሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይህን ፍጥነት ምርጥ ዋናተኛም ቢሆን ለረጅም ጊዜ አይዘውም። ፍሰቱ ግን ጠባብ ነው። ወደ ዳርቻው ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙ። ከጠባቡ ስትወጡ ጉተታው ይለቃችኋል። ከደከማችሁ ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ፤ ፊሽካ ካላችሁ ንፉ። የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ውሃው ራሱ አይደለም፤ ከውሃው ጋር መታገል የሚያመጣው ድካም ነው።

ሰዓት መምረጥም ትልቅ ነገር ነው። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ። ሙሉ ጨረቃ ስትሆንና አዲስ ጨረቃ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል። የዕለቱ ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የእኔ ምርጫ ሙላቱ ሊያበቃ ሲል ያለችው አንድ ሰዓትና ከዚያ በኋላ ያለችው ጥቂት ጊዜ ናት። ከሰፊው ባሕር የሚገባው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ከኮራሉ በላይ በቂ ጥልቀት ይኖራል፤ ፍሰቱም ይረግባል። ሙላቱ ከጠዋት ጋር ከገጠመላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጠዋት ነፋስ ያንሳል። ባሕሩ ሲጎድል ከገባችሁ ሆዳችሁ ኮራሉን ይፍቀዋል። ሲጎድል ውስጥ ከቆያችሁ ደግሞ ስትገቡ ውሃ የነበረው ቦታ ስትወጡ ስለታም ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ወደ ማስኩ እንምጣ። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን ለእናንተ አልመክርም። በአፍንጫም መተንፈስ ስለሚያስችል ለጀማሪ ይቀላል የሚሉት ለዚያ ነው። ችግር ሲመጣ ግን ይከፋል። ተራውን ቱቦ ከአፍ ተፍቶ አየር ለመሳብ አንድ ሴኮንድ ይበቃል። ሙሉውን ማስክ ግን ከነማሰሪያው ከጭንቅላት ላይ ማውለቅ ሊኖርባችሁ ነው፤ ያውም በድንጋጤ ውስጥ። በደንብ ባልተሠሩት ላይ ደግሞ የተነፈሳችሁት አየር ሳይወጣ ተመልሶ ይገባል። አፍንጫንም መያዝ አይቻልም፤ ስለዚህ ትንሽ ዝቅ ስትሉ ጆሯችሁን ከግፊት ማስታገስ አትችሉም። ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን ማስክና ተራ ቱቦ ይበቃችኋል።

ሲገዛ ወይም ሲከራይ ዋናው ልክ መሆኑ ነው። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉትና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ፀጉር ከጎማው ሥር እንዳይገባ። ባለቤትሽ ጢም ካለው ከላይኛው ከንፈር በኩል ትንሽ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ውሃ ሲገባ ብዙ ሰው ማሰሪያውን ያጠብቃል። ያ ይብስበታል፤ ጎማው ይጣመምና ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የመጣ ስስ ቅባት ስላለው በጉም ይሸፈናል። በጥርስ ሳሙና ደጋግማችሁ እሹትና እጠቡት። ከዚያ በኋላ ከመግባታችሁ በፊት ትንሽ ምራቅ ወይም የሕፃናት ሻምፖ ቀብታችሁ ለቅለቅ ማድረግ ነው። ምራቁ የሚያስቀይማችሁ ከሆነ ሻምፖውን ያዙ፤ ባሕር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ግን ምራቁን ነው የሚጠቀሙት።

ለአንቺ ላይፍ ጃኬት ወይም የሚነፋ የስኖርክል ሰደርያ ውሰጂ። ምንም አያሳፍርም። የሚንሳፈፍ ሰው አይንፈራገጥም፤ የማይንፈራገጥ ሰው ዓሣ አያስደነብርም። ለእግር መቅዘፊያው፣ ማለትም ለፊኑ፣ ብዙ አልልም፤ የማያላላና የማያሳምም ይሁን። ይዛችሁ ወደ ወገብ ውሃ ግቡና እዚያ አጥልቁት። አጥልቃችሁ መራመድ ካለባችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ።

የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ አሸዋ ላይ። ፊታችሁን አስገቡና በአፋችሁ በረጅሙ፣ በዝግታ ተንፍሱ። ሆን ብላችሁ ቱቦው ውሃ እንዲገባበት አድርጉና በኃይል ተፉት። ነገሩ እስኪሰለቻችሁ ድረስ ድገሙት። የሰለቸ ነገር አያስደነግጥም።

ስለ መተንፈስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሃዋይ ከስኖርክል ጋር የተያያዙ አደጋዎችን የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙዎቹ ሰዎች የተጎዱት ውሃ ውጠው አይደለም። በጠባብ ቱቦ አየር መሳብ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። በዚያ ላይ ጠንክሮ መዋኘት ሲታከልበት ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ በፍጥነት ሊከማች ይችላል። ምልክቱ ድንገተኛ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ነው። ብዙዎቹ ችግሩ ሲመጣባቸው እግራቸው መሬት የማይነካበት ቦታ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ትንፋሻችሁ ካጠረ «ትንሽ ልታገስ» አይባልም። ቁሙ፤ ወይም በጀርባችሁ ተንሳፈፉና ቱቦውን ከአፋችሁ አውጡ፤ ከዚያ ከውሃው ውጡ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

አሁን ስለ ጎበዙ ዋናተኛ። እውነቱን ለመናገር ከሁለታችሁ የምሰጋው ለእሱ ነው። ፈሪ ሰው ከዳርቻ አይርቅም። ጎበዝ ዋናተኛ ግን ዓሣ እየተከተለ ይርቃል፤ ጠልቆም ለማየት ይሞክራል። ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ በኃይል መተንፈስ የለበትም። ይህ ኦክስጅን አያጠራቅምም። የሚያደርገው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማራገፍ ነው፤ «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቀን ደግሞ እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው ስለሚዘገይ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ደንቡ እንግዲህ ይሄ ነው፦ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ያያል። ሁልጊዜ ክንድ ለክንድ ባትያያዙም ሁልጊዜ ትተያዩ። ጀልባ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ በገመድ እየጎተታችሁ ዋኙ።

ስለ ጥልቁ ውሃ ፍርሃትሽ፤ ጥልቅ ቦታ መሄድ ጨርሶ አያስፈልግሽም። ምርጡ ነገር ያለው ጥልቀት በሌለው ቦታ ነው። ውሃ ብርሃንን ሲውጥ የሚጀምረው ከቀዩ ነው፤ አምስት ሜትር አካባቢ ሲደረስ ቀይ ነገር ቡናማ ወይም ግራጫ መምሰል ይጀምራል። ሁለት ሜትር ላይ ያለ ሪፍ ግን ቀለሙ ሙሉ ነው። ሌላም ነገር አለ። በማስክ ስታዪ ነገሮች በአንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፈው፣ ቀርበውም ይታያሉ። ያስደነገጠሽ ዓሣ እጅሽ ሥር ያለ ቢመስልሽ እውነተኛው ከዚያ ይርቃል፤ ያንሳልም። የሪፉ ጠርዝ ላይ ወለሉ ድንገት ጠፍቶ ሰማያዊ ብቻ ሲሆን ብዙ ሰው ልቡ ይርዳል። ወደ ኋላ ዞር በይ፤ ወለሉ እንደገና ይታይሻል።

ወደ ዋናው ደስታ ደረስን። ሪፍ ላይ ብዙ ለማየት ትንሽ ቦታ ምረጡ። ጀማሪዎች ሪፉን እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነው የሚያዩት፤ ሁሉም ነገር በመስኮት ያልፋል። እናንተ አንድ የኮራል ጉብታ ምረጡና ከበላዩ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀሱ ተንሳፈፉ። መጀመሪያ ሁሉም ይደበቃል። ከዚያ ትንንሾቹ ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ትልልቆቹ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ሥራ ስል እውነተኛ ሥራ ነው። አንዳንድ ጉብታ ላይ ትልልቅ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ፈዘው ቆመው ታያላችሁ። የታመሙ አይደሉም። ክሊነር ራስ (በእንግሊዝኛ cleaner wrasse) የምትባል ቀጭን፣ ሰማያዊና ጥቁር መስመር ያላት ዓሣ ገላቸው ላይ ያለውን ተባይ እየለቀመችላቸው ነው። አፋቸው ውስጥ ድረስ ትገባለች። ሌላ ጊዜ ሊበሏት የሚችሉ ዓሦች እዚህ ቦታ ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙ። ቅርጥፍጥፍ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ፓሮትፊሽ ነው፤ በቀቀን በሚመስለው መንጋጋው ኮራሉንና ድንጋዩን ይፍቃል። አልጌውን (ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋትን) ይበላና ድንጋዩን ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ትልቅ ፓሮትፊሽ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ አሸዋ ያመርታል። የተኛችሁበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

ከኮራሉ ወረድ ብሎ ያለውን ባዶ አሸዋም አትናቁት። ብዙ ሰው ምንም የለበትም ብሎ ያልፈዋል። ቀስ ብላችሁ ካያችሁ ከአንዲት ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመች ትንሽ ዓሣ ታገኛላችሁ፤ ጎቢ ትባላለች። ከአጠገቧ ሽሪምፕ አሸዋ እየገፋ ያወጣል። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው። ስለዚህ ሲሠራ አንዱን የመዳሰሻ ፀጉሩን ዓሣዋ ላይ ያሳርፋል። እሷ ጭራዋን ካንቀጠቀጠች አደጋ አለ ማለት ነው፤ ሁለቱም ጉድጓድ ይገባሉ። እሱ ቤት ይሠራል፤ እሷ ትጠብቃለች። ኪራይ የሚከፈለው በጥበቃ ነው። እኔ ከሻርክ ይልቅ ይህንን ባይ እመርጣለሁ፤ ጓደኞቼ ግን አይስማሙም።

ክላውንፊሽ ካገኛችሁ ትልቋ ሴት ናት። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት። ሴቷ ስትሞት ትልቁ ወንድ ወደ ሴትነት ይለወጥና ቦታዋን ይይዛል። የሚኖሩበት አኒሞኒ የተባለ አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ ሌላውን ዓሣ ይነድፋል፤ እነሱን የሚጠብቃቸው ገላቸው ላይ ያለው ዝልግልግ ሽፋን ነው። እናንተ ያ ሽፋን የላችሁም፤ እጃችሁን ሰብስቡ።

ኮራሉ ራሱስ? ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በጣም ትንንሽ እንስሳት በጋራ የሠሩት አጽም ነው። ሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎች ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩላቸዋል፤ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ ከእነሱ ነው። ውሃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በአንድ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ነጭ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ካያችሁት ወዲያው ሞቷል ማለት አይደለም፤ ግን እየተራበ ነው። ሪፎች የሚሸፍኑት ከባሕር ወለል ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ከባሕር ዝርያዎች ሩብ ያህሉ እዚያ ይኖራሉ። ክብ ክብ ጉብታ የሚሠሩት ኮራሎች ደግሞ በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድጉት። ለማረፍ ብላችሁ የምትቆሙበት ጉብታ ከእናንተ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ማረፍ ካሻችሁ አሸዋ ፈልጉ ወይም በጀርባችሁ ተንሳፈፉ።

ኤሊ ለማየት የባሕር ሣር ያለበትን ቦታ ሂዱ። አረንጓዴው የባሕር ኤሊ የሚግጠው እዚያ ነው። ከፊትም ከበላይም አትቅረቡት። ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ከእሱና ከአየሩ መካከል ከገባችሁ ያስጨንቀዋል። ከጎኑ፣ ራቅ ብላችሁ፣ በእሱ ፍጥነት ሂዱ። አቅጣጫ ከለወጠ ቀርባችሁታል ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ከቆያችሁ ብዙ ጊዜ ራሱ ቀርቦ ያልፋል። ዓሣም አትመግቡ። የተመገበ ዓሣ ጠባዩ ይበላሻል፤ ቀጣዩን ሰው ይነክሳል።

ምን እንጠንቀቅ ላልሽው፣ ስለ ሻርክ ብዙ አታስቢ። ጥልቀት በሌለው ሪፍ ላይ የምታገኟቸው ትንንሽ የሪፍ ሻርኮች አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ። የሚጎዳው በብዛት የሚረገጠውና የሚነካው ነው። ስቲንግሬይ፣ ጭራው ላይ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፤ ስትራመዱ እግራችሁን ሳታነሱ አሸዋውን እየጎተታችሁ ሂዱ፤ ሰምቶ ይሄዳል። ስቶንፊሽ የተባለው መርዛም ዓሣ ድንጋይ መስሎ ስለሚቀመጥ አይለይም፤ ወፍራም ሶል ያለው የውሃ ጫማ አድርጉ። ኮን የሚባሉት ሾጣጣ ቀንድ አውጣዎች ዛጎላቸው እጅግ ያምራል። አንዳንዶቹ ሰው የሚገድል መርዝ አላቸው፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ ቆንጆ ዛጎል ከውሃ ውስጥ አይነሳም። በህንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ደግሞ ታይታን ትሪገርፊሽ አለ፤ እንቁላሏን ስትጠብቅ ሰው ታባርራለች። የምትጠብቀው ቦታ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሸሸው።

ፀሐይን ግን አትርሱ። ጀርባና የባት ሥጋ ሳይታወቃችሁ ይቃጠላል፤ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ አይሰማም። መፍትሔው ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ነው። ለብርድም ይጠቅማል፤ ውሃ የሰውነት ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ሞቃት ባሕርም ቢሆን ከቆያችሁበት ያንቀጠቅጣል። ልብስ ለማይሸፍነው ፊትና እጅ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ቅባት ተጠቀሙ። ፓላው ከ2020፣ ሃዋይ ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ ኮራል ይጎዳሉ ያሏቸውን ንጥረ ነገሮች የያዙ የፀሐይ ቅባቶች እንዳይሸጡ ከልክለዋል።

ባሕሩ ሲጎድል ተራው የዳርቻው ነው። በድንጋዮቹ መካከል የቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን ታገኛላችሁ። ማንግሮቭ (ባሕር ዳር ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ) ካለ ጭቃው ላይ በክንፋቸው የሚራመዱ ዓሦች አሉ፤ መድስኪፐር ይባላሉ። ሰው ዛጎል ተሸክሞ የሚሄደውን ሄርሚት ክራብ አይቶ ያልፋል፤ ትንሽ ቆዩበት። ሲያድግ ቤት ይጠብበታል። ባዶ ዛጎል ሲገኝ አንዳንዴ ብዙዎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ይሰለፋሉ። ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ቀጣዩ የሱን ይወስዳል፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ዛጎል ለማስታወሻ ይዛችሁ ብትሄዱ ሰልፉን አፈረሳችሁ። ኮራልና ትልልቅ ክላም (ሁለት ክፋይ ዛጎል ያለው እንስሳ) ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ያስይዛል።

ወፎቹን ጠዋትና ማታ፣ በባይኖኩላር፣ ከሩቅ እዩ። ተርንን የመሳሰሉ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያው ባዶ አሸዋ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ጠጠር ይመስላል። ወፍ ከራሳችሁ በላይ እየጮኸ ከተወረወረ ወይም ክንፉ የተሰበረ መስሎ ከፊታችሁ እየተጎተተ ከሄደ ጎጆው ቅርብ ነው። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ድሮን ይዛችሁ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ይቆይ። ለማረፍ ስትቀመጡ ከኮኮናት ዛፍ ሥር አትሁኑ። ቦታው ካሪቢያን ከሆነ ማንቺኒል የሚባለውን ዛፍ አሳዩኝ በሉ። ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬው መርዝ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ከሥሩ መጠለል እንኳ ቆዳ ያቃጥላል።

ማታ ከቆያችሁና ኤሊ እንቁላል ልትጥል ከወጣች ባትሪያችሁን አጥፉ፤ ቁጭ በሉና ከኋላዋ ጠብቁ። የተፈለፈሉት ልጆች ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ብርሃን ያለበትን አድማስ ተከትለው ነው። የእናንተ መብራት ወደ ጫካው ይመራቸዋል። አንስታችሁ ወደ ውሃ አታድርሷቸው። ቀን የቆፈራችሁት ጉድጓድ ካለ ግን ሳይመሽ ድፈኑት፤ ይገቡበትና መውጣት ያቅታቸዋል።

በመጨረሻ ቦርሳው። ከምታስቡት በላይ ብዙ የመጠጥ ውሃ፣ ፊሽካ፣ የውሃ ጫማ፣ ፋሻ፣ ለባሕር ጃርት እሾህ ወረንጦ ያዙ። ኮራል የቧጨረው ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል፤ ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይጽዳ። ቦክስ ጄሊፊሽ ያለበት አካባቢ ከሆነ አቼቶ ያዙ፤ ገና ያልተኮሱትን መርዛም ሴሎች ያስቆማቸዋል። ለሁሉም ዓይነት ጄሊፊሽ ግን አይሆንም። ሽንት መሽናት የሚባለውን ወሬ እርሱት፤ በአሸዋ ማሸትም አይገባም። አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውሃም ጨምሩ። የስቲንግሬይና የስቶንፊሽ ንድፊያ ሕመም የሚታገሠው በሙቀት ነው። ውሃውን አቀዝቅዛችሁ 45 ዲግሪ ገደማ አድርጉት፤ መጀመሪያ ባልተነደፈው እጅ ሞክሩት፤ ከዚያ የተነደፈውን ቦታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ንከሩበትና ወደ ሕክምና ሂዱ። ማንም ካልተነደፈ ማታ ሻይ ይሆናችኋል።